ብስክሌት ስትነጂ ከኋላሽ የሚመጣውን መኪና እንዴት ትከታተያለሽ?

ዓረብ አገር ሆና ብስክሌት የምትነዳ የቤት ሠራተኛ አለች። አንዷ ከባቃላ ዳቦና እንቁላል አምጪ ተብላ በቤቱ ሳይክል ትላካለች። ሌላዋ የማዳምን ልጆች ኮምፓውንድ ውስጥ ታጫውታለች። ቤት ተከራይታ በሰዓት የምትሠራዋ ደግሞ የታክሲ ብር ላለማውጣት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በብስክሌት ትሄዳለች። የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ ከፊት ያለውን ዓይን ያየዋል፣ ከኋላ የሚመጣውን ግን ማን ያይልሻል?

ባህር ዳር ወይም ሐዋሳ ላደገች ልጅ ብስክሌት አዲስ ነገር አይደለም። ግን አገር ቤት የለመድነው መንገድ ሌላ ነው። ባጃጁ ገና ከሩቅ ይንጫጫል፣ ጋሪው ይንኳኳል፣ ሹፌሩም ክላክሱን እየነፋ ነው የሚመጣው። እዚህ ሰፊ አስፋልት ላይ ግን አዲስ መኪና ብዙ ድምፅ ሳያሰማ አጠገብሽ ይደርሳል። ስለዚህ ልምድ ያላትም ብትሆን ይህን ነገር እንደገና መማር አለባት።

አንድ የሚያግዘን ነገር አለ። በኢትዮጵያም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ መኪና የሚሄደው በቀኝ በኩል ነው። አንቺም በቀኝ በኩል ስለምትሄጂ ከኋላ የሚመጣው መኪና በአብዛኛው የሚያልፍሽ በግራሽ ነው። ዋናው ልምምድ እንግዲህ የግራ ትከሻ ነው።

በአጭሩ

• በጆሮሽ ብቻ አትተማመኚ፤ አንገትሽን አዙረሽ እዪ።
• ከመስመርሽ ከመውጣትሽ በፊት ሁልጊዜ በግራ ትከሻሽ በኩል ተመልከቺ።
• ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ንጂ፤ ከፊት ለፊት አትምጪበት።
• ማታ ከኋላ ቀይ መብራት ከሌለሽ ብስክሌቱን አትውጪበት።
• ወደኋላ እያየሽ ቀጥ ብለሽ መንዳት ካልቻልሽ ቁሚ፣ ውረጂ፣ ከዚያ እዪ።

ጆሮ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ብዙዎቻችን "መኪና ሲመጣ እሰማዋለሁ" እንላለን። እስቲ በቁጥር እንየው። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ አንቺ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ 50 ሜትር ኋላሽ ያለው መኪና በ4 ሰከንድ ውስጥ አጠገብሽ ነው። በ80 የሚሄድ ከሆነ 3 ሰከንድ አይሞላም። ድምፁን ሰምተሽ፣ ከየት እንደሆነ ለይተሽ፣ ምን እንደምታደርጊ እስክትወስኚ ጊዜው አልቋል።

ደግሞ ድምፁ የማይሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ነፋስ ከፊትሽ ሲመጣ ጆሮሽ ውስጥ ስለሚያፏጭ የኋላው ድምፅ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ሞተሩ አይሰማም። ሁለት መኪና ተከታትለው ሲመጡ የሁለተኛው ድምፅ በአንደኛው ይሸፈናል፤ አንዱ አለፈ ብለሽ ወደ ግራ ስትወጪ ሌላው ይደርስብሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኢርፎን ነገሩን ያብሰዋል። አገር ቤት መደወል፣ መዝሙርም ሆነ መንዙማ መስማት፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት ለብዙዎቻችን ብቸኛው እረፍት ነው። ግን ብስክሌት ላይ ሆነሽ አይሁን። ስልክ ከጮኸ ጥግ ያዢና ቁሚ፣ አውሪ፣ ከጨረስሽ በኋላ ተነሺ። እናትሽ አምስት ደቂቃ ብትጠብቅ አይከፋትም።

ሻርፕ ወይም ሂጃብ የምታደርጊ ከሆነ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቢና አጥብቀሽ እሰሪው። ልል ከሆነ ዞር ስትዪ ጉንጭሽ ላይ እየወደቀ የጎን እይታሽን ይከልላል። ሰፊ የፀሐይ ባርኔጣም እንዲሁ ነው።

አንገት አዙሮ ማየት እንዴት ይለመዳል?

ጀማሪዎች ወደኋላ ማየት የሚፈሩት በምክንያት ነው። ራስ ወደ ግራ ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ መሪውን ይጎትታል፣ ብስክሌቱም ወደ ግራ ይሄዳል። ያ ማለት ልትሸሺው ወደነበረው መኪና ራስሽ ገባሽበት ማለት ነው። ችግሩ በልምምድ ይጠፋል። መኪና የማይገባበት ሜዳ ወይም ባዶ ፓርኪንግ ፈልጊና እንዲህ አድርጊ።

1. መሬት ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር ካለ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብለሽ ንጂ። ዓይንሽ ሩቅ ይይ፤ ጎማው ላይ ካፈጠጥሽ ትወላገጃለሽ።

2. የግራ ክርንሽን ዘና አድርጊ። መሪውን ጨምድደሽ አትያዢ።

3. አገጭሽን ወደ ግራ ትከሻሽ አምጪ። ወገብሽን አትጠምዝዢ፤ አንገት ብቻ ይዙር። መኪናው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ እዪና ወዲያው ወደ ፊት ተመለሺ። ከአንድ ሰከንድ በላይ አትቆዪ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ሁለት ሰከንድ ወደኋላ ካየሽ 8 ሜትር ያህል ፊትሽን ሳታዪ ተጓዝሽ ማለት ነው።

4. አሁንም ወደ ግራ የምትሄጂ ከሆነ የግራ እጅሽን ከመሪው አንስተሽ ጭንሽ ላይ አድርጊና ከዚያ ዙሪ። እጁ መሪውን ስላልያዘ አይጎትተውም።

5. ጓደኛ ካለሽ ከኋላሽ ትቁምና ጣቶቿን ታንሳ። አንቺ እየነዳሽ ዞር ብለሽ ስንት ጣት እንዳነሳች ንገሪያት። ከመስመሩ ሳትወጪ አሥር ጊዜ በትክክል ከተናገርሽ ለመንገድ ደርሰሻል።

ወደኋላ ከማየትሽ በፊት ግን ፊትሽን አረጋግጪ። ጉድጓድ፣ አሸዋ ወይም የሚከፈት የመኪና በር ካለ መጀመሪያ እሱን እለፊ።

መቼ መቼ ነው የሚታየው?

ሁልጊዜ አንገት ማዞር አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። በእነዚህ ጊዜያት ግን ግዴታ ነው።

የቆመ መኪና ልታልፊ ስትዪ፦ አጠገቡ ደርሰሽ ሳይሆን 20 ሜትር ሲቀርሽ እዪ። መኪና እየመጣ ከሆነ ከቆመው መኪና ኋላ ሆነሽ አሳልፊው።

ጉድጓድ ወይም አሸዋ ሲያጋጥምሽ፦ ሊባኖስ ውስጥ ክዳን የሌለው ማንሆል ያጋጥማል፤ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ነፋስ ያመጣው አሸዋ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። በድንገት ወደ ግራ መሸሽ ከጉድጓዱ የባሰ ነው። ለማየት ጊዜ ከሌለሽ ፍሬን ይዘሽ ቁሚ።

ወደ ግራ ስትታጠፊ፦ ሁለት ጊዜ እዪ። መጀመሪያ አይተሽ የግራ እጅሽን ዘርግተሽ አሳዪ። ከዚያ እንደገና እዪ። ሁለተኛው እይታ "ሹፌሩ አየኝ ወይ? ፍጥነቱን ቀነሰ ወይ?" ለሚለው ነው። ካልቀነሰ አትግቢ። ሰፊ መንገድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ በብስክሌት አትታጠፊ፤ ዜብራው ጋ ውረጂና እየገፋሽ ተሻገሪ።

ወደ ቀኝ መታጠፊያ ስትደርሺ፦ አንዳንድ ሹፌር አልፎሽ ወዲያው ወደ ቀኝ ይታጠፍብሻል። አጠገብሽ የደረሰ መኪና ቀኝ ፍሬቻ እያበራ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ፍሬቻ የማያበራም ስላለ የፊት ጎማውን እዪ፤ ሊታጠፍ ሲል ጎማው ቀድሞ ይዞራል።

ከመቆምሽ በፊት፦ ከኋላሽ ሞተር ወይም ሌላ ብስክሌት ተጠግቶ ሊሆን ይችላል።

በቀኝ በኩልም አትርሺ። የዴሊቨሪ ሞተሮች በተጨናነቀ መንገድ በቀኝም በግራም ይገባሉ። ቤይሩት ውስጥ ሞተር ሳይክል በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ ከፊት ለፊት ሊመጣ ይችላል። ወደ ቀኝ ጥግ ከመያዝሽ በፊት የቀኝ ትከሻሽንም አንዴ ዞር ብለሽ እዪ።

ሳትዞሪ የምታውቂበት ዘዴ

ማታ ከኋላሽ የሚመጣ መኪና መብራት ጥላሽን ፊትሽ ላይ ይጥለዋል። ጥላሽን ተከታተዪው። መኪናው ሊያልፍሽ ወደ ግራ ሲወጣ ጥላሽ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ጥላሽ ቀጥ ብሎ ፊትሽ ላይ ከቀረ ግን መኪናው በቀጥታ ኋላሽ ነው ማለት ነው፤ ምናልባት አላየሽም። ያኔ ጥግ ያዢ፣ አስፈላጊ ከሆነም ከመንገዱ ውጪ።

ቀን ላይ ደግሞ የሱቅ መስተዋትና የቆመ መኪና መስኮት የኋላውን ያሳያል። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራት ብልጭ ካደረገ ወይም መንገድ ከለቀቀ ከኋላሽ የሆነ ነገር አለ።

ፀሐይንም አስቢባት። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊትሽ ሆና ዓይንሽን ካጨናበሰችሽ፣ ከኋላሽ የሚመጣው ሹፌርም ያቺኑ ፀሐይ ነው የሚያየው። አንቺን ላያይሽ ይችላል። በዚያ ሰዓት ከተቻለ ብስክሌቱን እየገፋሽ በእግረኛ መንገድ ሂጂ።

ስፖኪዮ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ብስክሌት ሱቅ የሚሸጠው ትንሽ ስፖኪዮ በመሪው ግራ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ስትገጥሚው ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ አስተካክዪ፤ አብዛኛው መስታወት መንገዱን፣ ጥቂቱ ደግሞ የራስሽን ክንድ ማሳየት አለበት።

ግን ሁለት ነገር እወቂ። የሾጠጠው ክብ መስታወት ብዙ ቦታ ቢያሳይም መኪናውን ከእውነተኛው ርቀት አርቆና አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛ፣ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ፤ ልክ በግራ ጎንሽ የደረሰ መኪና መስታወቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስፖኪዮ ለመከታተል፣ አንገት ማዞር ለመወሰን ነው።

መንገዱ ላይ የት ልሁን?

በጣም ወደ ጠርዝ መጠጋት ደህንነት ይመስላል፤ አይደለም። ጠርዙ ላይ አሸዋ፣ የፍሳሽ ፍርግርግና ስብርባሪ ጠርሙስ አለ፤ ከእሱ ለመሸሽ ስትዪ በድንገት መሐል ትገቢያለሽ። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ራቂ። የቆሙ መኪናዎች ካሉ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል፤ በር በድንገት ቢከፈት እንዳይመታሽ።

በቆሙት መኪናዎች መሐል ወጣ ገባ አትበዪ። ሹፌር የሚረዳሽ ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ ነው።

"ከፊት ለፊት ብመጣ መኪናውን አየው ነበር" የምትይም አለሽ። ለእግረኛ ይህ ትክክል ነው፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ በኩል ሆኖ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ መሄድ ይሻላል። ለብስክሌት ግን አይሆንም። የሁለታችሁ ፍጥነት ይደመራል፤ 60 እና 15 ሲደመር 75 ነው። ከጎን መንገድ የሚወጣው ሹፌርም መኪና የሚመጣበትን አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ አንቺ በተቃራኒው እየመጣሽ እንደሆነ አያስብም።

ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ በቀኝ በኩል በፍጹም አትቁሚ። መብራት ላይ ቆሞ ብታገኚው እንኳ ከኋላው ጠብቂ። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየሽ እሱም አንቺን አያይሽም። በፍጥነት ሲያልፍሽ ደግሞ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሻል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስብሻል፤ መሪውን አጥብቀሽ ያዢ፣ ፔዳሉን አታቋርጪ።

እንዲያዩሽ አድርጊ

የኋላውን ብታዪም ሹፌሩ ካላየሽ ዋጋ የለውም። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ያስፈልጋል። የሚያንጸባርቅ ጃኬት ዋጋው ቀላል ነው፤ ያ ቢጠፋ ነጭ ወይም ቢጫ ልብስ። ጥቁር ዓባያ ማታ ከአስፋልቱ ጋር አንድ ነው፤ ከላዩ ላይ የሚያንጸባርቀውን ጃኬት ደርቢበት።

ዓባያና ረጅም ቀሚስ ሌላም አደጋ አለው፤ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ይጥላል። ከጉልበት ከፍ አድርገሽ ቋጥሪው ወይም ከሥር ሱሪ ለብሰሽ ሰብስቢው። ፌስታልም መሪው ላይ አታንጠልጥዪ፤ ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ዞር ብለሽ እንዳታዪ ያደርግሻል። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ወይም የኋላ ቅርጫት ይሻላል።

ጉም ባለበት የክረምት ጠዋትና የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሲነሳ መብራትም አያድንም። አትውጪ።

የቤቱን ልጆች ይዘሽ ስትወጪ

ልጁ በራሱ ብስክሌት ከሆነ አንቺ ከኋላው፣ ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብለሽ ሂጂ። ያኔ ልጁን ታዪዋለሽ፣ ከኋላ የሚመጣው መኪናም መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው። ልጅ ፊት ለፊቱን እንጂ ኋላውን አያስብም፤ የእሱም ዓይን አንቺ ነሽ። "ቁም" ስትዪው የሚቆምበትን አንድ ቃል ቀድማችሁ ተስማሙ።

ኮምፓውንድ ውስጥ መኪና ቀስ ስለሚል ሰው ይዘናጋል። ትልቁ አደጋ ግን ከጋራዥ ወደኋላ የሚወጣው ላንድክሩዘር ነው። ከኋላው ያለ ትንሽ ልጅ ለሹፌሩ አይታየውም። የኋላ ነጭ መብራቱ ከበራ ልጁን አስቁመሽ ጠብቂ። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ፤ አደጋ ቢደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ "አንቺ የት ነበርሽ?" የሚል ነው።

ሕጉን እወቂ፦ የዱባይ ምሳሌ

ዱባይ በ2022 ባወጣችው የብስክሌት ደንብ መሠረት የፍጥነት ወሰኑ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 300 ድርሃም ነው። ሄልሜት አለማድረግ 200 ድርሃም ያስቀጣል። የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወልና የሚሠራ ፍሬንም ይጠየቃል። የብስክሌት መስመር ባለበት በእሱ መሄድ ግድ ነው።

መንገድ መሻገርም እንዲሁ። ከተፈቀደው ቦታ ውጪ መሻገር 400 ድርሃም ያስቀጣል። ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኤምሬትስ የትራፊክ ሕግ ደግሞ ፍጥነቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ እግረኛ እንዳይሻገር ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ድልድይ ወይም የምድር ውስጥ መሻገሪያ ፈልጊ።

ማዳም አደገኛ መንገድ ላይ ብትልክሽ

ቅጣቱም ጉዳቱም የአንቺ ነው። ሳትጣዪ፣ ሌላ መፍትሔ ይዘሽ ንገሪያት፦ "ማዳም፣ ሻሪዕ ኸጢር ዓለ ሲክል። አና አምሺ፣ አሕሰን።" (ማዳም፣ መንገዱ ለሳይክል አደገኛ ነው። በእግሬ ብሄድ ይሻላል።) ባቃላው ቤት ድረስ የሚያመጣ ከሆነ "ተውሲል" አድርጊ በያት። ሄልሜትና መብራት እንድትገዛልሽም ጠይቂ፤ ሄልሜት በዓረብኛ "ኾዛ" ነው።

ከተመታሽ

መጀመሪያ ከመንገዱ መሐል ውጪ፤ መነሳት ካልቻልሽ ግን ማንም ጎትቶ እንዳያነሳሽ። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሺ ወይም አጠገብሽ ያለውን ሰው አስነሺ። ከቦታው አትሂጂ፣ ፖሊስ ይምጣ።

አንዳንድ ሹፌር "ፖሊስ አያስፈልግም፣ ይህን ያዢ" ብሎ ብር ይሰጣል። አትቀበዪ። ሕመም ነገ ሊብስ ይችላል፤ የፖሊስ ወረቀት ከሌለሽ የመኪናውን ኢንሹራንስ ካሳ መጠየቅ በጣም ይከብዳል። በዓረብኛ የተጻፈና ያልገባሽን ወረቀትም አትፈርሚ፤ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ራስሽን ከተመታሽ፣ ደህና ብትመስዪም ማስመለስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ወይም ዓይን ማደናገዝ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ማዳም "ተኚና ይሻልሻል" ብትልሽም።

ኢቃማ የሌለሽ እህት ይህ ሁሉ ሊያስፈራሽ ይችላል። በትራፊክ አደጋ ሆስፒታሉ ለፖሊስ ማሳወቁ የተለመደ ስለሆነ ፍርሃትሽ ይገባናል። ቢሆንም ደም እየፈሰሰሽ ወይም ራስሽን ተመተሽ ቤት አትደበቂ። የምታምኛት ሰው አብራሽ ትሁን፣ ለቆንስላ ወይም ለማኅበረሰቡ ሰዎች እንድትደውልልሽ አድርጊ። የወረቀቱ ጉዳይ ነገም ይደርሳል፤ ሕይወት ይቅደም።

አደጋ ሲደርስ የሚደወልባቸው ቁጥሮች

• ኤምሬትስ፦ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998
• ሳውዲ፦ አምቡላንስ 997፤ በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና በምሥራቅ ክልል 911
• ኩዌት፦ 112
• ኳታር፦ 999
• ባሕሬን፦ 999
• ኦማን፦ 9999
• ሊባኖስ፦ ቀይ መስቀል 140፣ ፖሊስ 112
• ዮርዳኖስ፦ 911

ስትደውዪ "ሐዲስ ሳያራ፣ ኢስዓፍ" (የመኪና አደጋ፣ አምቡላንስ) በዪ፤ ከዚያ የሠፈሩን ስምና አጠገብሽ ያለውን መስጊድ፣ ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ ንገሪ።

እነዚህን ቁጥሮች ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽም ከጓደኛሽ ጋር ባዶ ሜዳ ፈልጊና የጣት ቆጠራውን ሞክሩት። ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።